ቃጫና ሙጫን ያስማሙት የኢንጂነር ሐይማኖት ሚልኪያስ የሕይወት ታሪክ

እህታችን ኢንጂነር ሐይማኖት ሚልኪያስ ከአባታቸው ከአቶ ሚልኪያስ ደስታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈለቀች ይመር በሸዋሮቢት ከተማ ታኅሣሥ 3 ቀን 1961 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታችን የጭነት መኪና ሾፌር፣ እናታችን ደግሞ የመንገደኛ ምግብ ቤት ባለቤት ነበሩ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ፣ ሁለተኛ ደረጃን አክስታችን ዘንድ ተቀምጠው በደብረ ሲና ተከታተሉ። በ1979 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሜካኒካል ምህንድስና ተመረቁ። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው ያጠኑት በቃጫ ስለሚጠናከሩ ቁሶች ነው። ቤተ ዘመዱ “ለሙጫም ዲግሪ አለው ወይ?” እያለ ሲቀልድባቸው አብረው ይስቁ ነበር። ቃጫ ምንም ጠንካራ ቢሆን ሸክሙን ለእያንዳንዱ ዘለላ የሚያደርሰው መካከሉ ያለው ሙጫ ነው፤ ሙጫው ከደከመ ቃጫው ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል እያሉ በትዕግሥት ያስረዱን ነበር። እኛም እሺ እሺ እንል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የገባን ኋላ ነው።

በ1988 ዓ.ም. ከመምህር ሰለሞን ጌትነት ጋር ጋብቻ መሥርተው ይትባረክንና ሰብለን አፍርተዋል።

በ2006 ዓ.ም. ወደ ሸዋሮቢት ተመልሰው ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈቱ። የመጀመሪያውን እግር የሠሩት በቀወት ማሽላና ጤፍ ለሚያርሱት፣ በመኪና አደጋ አንድ እግራቸውን ላጡት ለአቶ ሰዲቅ ሙሳ ነበር። ያ እግር ወር ሳይሞላው ማሳቸው ላይ ተሰብሮ ጣላቸው። ባለቤታቸው ወ/ሮ መሊካ አቶ ሰዲቅን ዳግመኛ ወርክሾፑን እንዳይረግጡ ከለከሏቸው፤ መሬታቸውም ለእኩል አራሽ ሊሰጥ ሆነ። እህታችንን እህል አልበላ አላቸው።

ሁሉም ሰው ቃጫ ይጨመርበት አለ። እሳቸው ግን ስብራቱን ሲመረምሩ ቃጫው ሳይበጠስ ከሙጫው ተሞልጮ ወጥቶ አገኙት። የቆላችን ሙቀት ሙጫውን ገና በእጅ ሳለ ስለሚያደርቀው፣ እንዲዘገይ ብለው ቲነር ይቀላቅሉበት ነበር፤ ያደከመውም ይኸው ነው። ቀወት ድረስ ሄደው ጥፋቱ የእኔ ነው ሲሉ አቶ ሰዲቅንና ወ/ሮ መሊካን ይቅርታ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ቃጫውንም ሙጫውንም በአይሱዙ ጭነው ደብረ ሲና ብርድ ላይ ያወጡት ነበር። እዚያ ሙጫው ያለ ቲነር ቀስ ብሎ ቃጫው ውስጥ ይሰርጋል፤ ማጠንከሩን ሲመለሱ ለሮቢት ፀሐይ ይተዉት ነበር። ሁለተኛውን እግር ለአቶ ሰዲቅ ያጠለቁላቸው ወ/ሮ መሊካ ራሳቸው ናቸው። አልሐምዱሊላህ፣ መሬቱ እስከ ዛሬ ከእጃቸው አልወጣም። ከዚያ በኋላ ከአሊዩ አምባ ሳይቀር ብዙዎች መጥተው በእግራቸው ሄደዋል። ይህን እንድናይ ስላደረገን አምላካችንን እናመሰግናለን።

እህታችን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ግርማን ትተው አልፈዋል።

እህታችን ታመው ሳሉ አቶ ሰዲቅ ሊጠይቋቸው ቢመጡ፣ “ቀብሬ ላይ ሳጥን እሸከማለሁ እንዳይሉ፤ እግሩን የሠራሁት ለአንድ ሰው ክብደት ነው” ብለው አስጠንቅቀዋቸው ነበር። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ አቶ ሰዲቅ የሳጥኑን የፊት ወገን እይዛለሁ ብለው መጡ። የእህታችንን ቃል ብናስታውሳቸው፣ “እሳቸው ስለ ሠሩት ይጠራጠሩ ይሆናል፤ የምቆምበት ግን እኔ ነኝ” አሉን። እኛም የፊቱን ወገን ለቀቅንላቸው።

እስልምናና ክርስትና ሳይለያችሁ ከቆላም ከደጋም መጥታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። የእህታችንንም ነፍስ ቸሩ አምላክ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።