እንከን ፍለጋ የሄድኩበት ምሳ

ይድረስ ለልጄ፣ ለእኔዋ ቆቅ፣

እንዴት ነሽልኝ? እንቅልፉስ፣ ምግቡስ፣ በስልክ ስታወሪ የሚያቋርጥሽ ሳልስ ለቀቀሽ ወይ? ብርዱ ያን ሁሉ ልብስ አልፎ ነው የሚገባው ወይስ እንደ ልማድሽ አንገትሽን ሳትሸፍኚ እየወጣሽ ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቴን አመመኝ ትላለች እንጂ ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ነው የምትወጣው። እኔም ያው መኪና ማስተማሬን ይዣለሁ። ትናንት አንዲት ተማሪዬ ፍሬን ነው ብላ ነዳጅ ረግጣ ከሰው አጥር ጋር ልታጋባኝ ምንም አልቀራት። እናትሽ ስነግራት ሳቀች እንጂ አልደነገጠችም፤ ለምዳዋለች።

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንደምታነቢው አውቃለሁና ወደ ጉዳዩ ልግባ። "አባባ፣ ወላጆቹን ተዋወቋቸውና ቁርጡን ንገረኝ፤ አንተ እሺ ካላልክ አላገባውም" ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ተዋውቀናል። መልሱን ግን እንደ አመጣጡ ነው የምነግርሽ፤ ዘለሽ መጨረሻውን እንዳታዪብኝ።

የት እንገናኝ የሚለው ራሱ ሳምንት ፈጀ። እኛ "እኛ ጋ ይምጡ" ስንል እነሱ "ለምን እናስቸግራችሁ፣ እናንተ ኑ" ይላሉ፤ እነሱ "ኑ" ሲሉ ደግሞ እኛ ማስቸገር አንወድም። በመጨረሻ የልጁ እናት ከጎሚስታው አለፍ ብሎ መታጠፊያው ላይ ያለውን የጣሊያን ምግብ ቤት አነሱ። ያ አረንጓዴ በር ያለው። ተማሪዎቼ ሁሉ ሞተር የሚያጠፉበት መታጠፊያ ስለሆነ፣ መኪናው እስኪነሳ ድረስ ያንን በር ስመለከት ስንት ዓመቴ! ሰው ሲገባ አያለሁ፣ ሳቅ እሰማለሁ፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ በመስኮቴ ይገባል፤ ውስጡን ግን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ከሰዎቹ ይልቅ የጓጓሁት ለቤቱ ነበር ብልሽ አልዋሸሁም።

ሌላውንም ልንገርሽ፤ የሄድኩት እንከን ፍለጋ ነው። ካገባሽው እዚያው ባሕር ማዶ መቅረትሽ ነው የታየኝ። ከአባትየው ትንሽ ትዕቢት፣ ከእናትየው አንድ ክፉ ቃል ባገኝ፣ "ልጄ፣ ይቅርብሽ" ብዬ ልጽፍልሽ ተዘጋጅቻለሁ። እናትሽ መች ይጠፋታል! ክራቫቴን እያሰረችልኝ "ፊትህን ፍታው እንጂ፣ መንጃ ፈቃድ ልትፈትናቸው ነው እንዴ?" አለችኝ።

በሩ ላይ ገጠምን። የልጁ አባት "ይግቡ" ይላሉ፣ እኔ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" እላለሁ። "በፍጹም!" "አይሆንም!" ስንባባል ከኋላችን የራበው ሰው ተሰለፈ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ከሚጣደፈው ሾፌር እኩል መንገድ የሚዘጋው "እለፍ፣ እለፍ" የሚለው ነው እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ። እናትሽ ሁለታችንንም በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች።

ቤቱ ጠባብ ነው። ቀይና ነጭ ዳማ የለበሱ ጥቂት ጠረጴዛዎች አሉ፣ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ በየጠረጴዛው ሻማ ይበራል። መብራት እያለ ሻማው ለምን እንደሆነ አስተናጋጁን ብጠይቀው "ፊት ያሳምራል" አለኝ። የኔን ፊት አይቶ ይሁን አይሁን እንጃ። ማዕድ ቤቱ በግማሽ ግድግዳ ነው የተከለለው። ሁሉም "አለቃ" የሚሏት ወፈር ያለች ወጥ ቤት ሊጡን በእጅ በሚዞር ማሽን ደጋግማ አሳልፋ እንደ ሻሽ አሳሳችው። ከዚያ በሌላኛው ጎን ስታሳልፈው ክር ክር ሆኖ ወጣና በእንጨት ላይ እንደታጠበ ልብስ ሰቀለችው። ለካ ስፓጌቲ እንዲህ ነው የሚሠራው! ተነስቼ ሄጄ ከግድግዳው ላይ አንገቴን አስግጌ ቆምኩ። እናትሽ በኀፍረት መሬት ብትውጣት በወደደች።

ዞር ስል አባትየውም አጠገቤ ቆመዋል። የቀለም መደብር ነው ያላቸው፤ እሳቸውን የያዛቸው ሊጡ ሳይሆን ግድግዳው ነበር። ማዕዘኑ ላይ የተላጠውን በጣታቸው እየነኩ ከቢጫው በታች ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው በታች ደግሞ ሌላ ቢጫ እንዳለ አሳዩኝ። "ወደ መጀመሪያው ለመመለስ ከሆነ ለምን ደከሙ?" ብለው ከልባቸው ተገረሙ። ወደድኳቸው። ስለወደድኳቸውም በራሴ ተናደድኩ።

የማዘዙ ነገር ደግሞ የባሰ ነበር። እኛ "እነሱ የሚያዙትን" አልን፤ እነሱም "እነሱ የሚያዙትን" አሉ። አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በመጨረሻ አለቃ ከውስጥ "ተዋቸው፣ እኔ አዝዝላቸዋለሁ!" ብላ ጮኸችና ለአራታችንም ስፓጌቲ ላከችልን። አሁን ማን ይጀምር? ስፓጌቲ ደግሞ አማች ፊት የሚበላ ነገር አይደለም፤ ወይ ከአፍ ይንጠለጠላል ወይ ሸሚዝ ላይ ይረጫል። "ብሉ እንጂ" "ኧረ እናንተ ብሉ" ስንል እንፋሎቱ ጠፋ። አለቃ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች፣ አራቱንም ሳህን አነሳች፣ "ለማየት ከሆነ ፎቶውን እሰጣችሁ ነበር" አለችና ልታሞቀው ይዛው ተመለሰች።

ባዶ ጠረጴዛ ከበን እንደተቀጣ ተማሪ እጃችንን ሰብስበን ቀረን። የልጁ እናት መሳቅ ጀመሩ። አዋላጅ ነርስ ናቸው፣ ሳቃቸው ቤቱን ይሞላል። እኛም ተከተልናቸው። ሳቁ ጋብ ሲል፣ ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኳቸው፤ ከስንቱ ቤት ይህን ለምን መረጡት አልኳቸው። ሴትዮዋ በመስኮቱ ሥር ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ በአገጫቸው አሳዩኝ። "ልጁ ከሄደ ወዲህ የቤታችን ጠረጴዛ ሰፋብን" አሉ። "ባለቤቴ በዚያ ጥግ፣ እኔ በዚህ ጥግ፣ መሀሉ ባዶ። ያቺ ግን ለሁለት ሰው ነው የተሠራችው፤ ትርፍ ወንበር የላትም። እሑድ እሑድ እዚያ ነው የምንበላው።"

እኛም ያው ነን፣ ልጄ። ወንድምሽ ውጭ በልቶ ነው የሚገባው፤ እኔና እናትሽ ከሄድሽ ጀምሮ የምንበላው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ዱካ ላይ ተቀምጠን ነው። ለምን እንደሆነ ተነጋግረን አናውቅም። እናትሽ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔ ሻማውን አየሁ።

ይሄኔ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ወንድሜ፣ ልደብቅዎት አልፈልግም፤ ዛሬ የመጣሁት እናንተ ላይ ነውር ላገኝ ነው። ልጄ ልጅዎን ካገባ እዚያው መቅረቱ ነዋ!" አሉ። ሚስታቸው ከጠረጴዛው ሥር ረገጧቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ተኮማተረ። እኔም "ታዲያ አገኙ?" አልኳቸው። "በሩ ላይ ትንሽ አግኝቼ ነበር፤ መግደርደር ያበዛሉ" አሉኝ። "እኔም እርስዎ ላይ ያገኘሁት ያንኑ ነው" አልኳቸው። እናትሽ ውሃ እየጠጣች ስለነበር ትን አላት።

ምግቡ ሞቆ ሲመለስ ማንም ማንንም አልጠበቀም። የቲማቲሙ ስጎ ከጠዋት ጀምሮ በዝግታ የበሰለ ነው አሉ፤ ጣፈጥ፣ ቆምጠጥ ይላል። ከላይ የሚበተነው አይብ የካልሲ ሽታ አለው ብላ እናትሽ በጆሮዬ ነገረችኝ፣ ቆይታ ግን ከእኔ ሳህን ላይ ጠረገችው። ሹካ አያያዙን ያስተማሩኝ አባትየው ናቸው፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አቁመው ቀስ ብለው ያዞሩታል። "አይቸኩሉ፣ መሪ ነው ብለው ያስቡት" ይሉኛል፣ ለእኔ! ሁለታችንም ሸሚዛችንን አበላሽተን ወጣን።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። እንቢ ብልሽ ትሰሚኛለሽ፤ አውቅሻለሁ። ምናልባትም ጠቅልለሽ ትመጫለሽ። ፊት ለፊቴ ትቀመጫለሽ፣ "አባባ፣ ጨመር ልበልልህ?" ትይኛለሽ። እኔ ግን የገዛ ልጄን ዓይን ቀና ብዬ ማየት አልችልም። እንደዚያ ሆነሽ አጠገቤ ከምትሆኚ ርቀሽ ብትናፍቂኝ ይሻለኛል።

ስለዚህ አግቢው፣ ልጄ። እሺ ብያለሁ። ሙሉ ደስታ ነው ብዬ አልሸነግልሽም፤ ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹ ያመኛል። ሁለቱንም ልኬልሻለሁ።

እናትሽ ዓይንሽን ትስማለች፤ አንገትሽን ሸፍኚ ብላለች። ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል፤ ክፍልሽን አሁን ልውሰደው ወይ ብሎ ጠይቋል፣ አይወስድም። አክስትሽ ከሰማች ጀምሮ እልል ማለቷን አላቆመችም፣ ጎረቤት አቤቱታ ሊያቀርብ ነው። የልጁ እናትና አባት እንደ ልጃቸው ናፍቀውሻል፣ ሳያዩሽ። አንቺ ደግሞ እዚያ ላለው ልጄ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

አባትሽ

በማስተማሪያው መኪና ውስጥ፣ ተማሪ እየጠበቅኩ ተጻፈ
መጋቢት 3 ቀን