ድምፅ የሌለው ርችት

ሐረር፣ አቦከር
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ኤልሳዕ፣

የአርባ ምንጭ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ብቻም አይደለን፤ ቤቱ ገበያ ሆኗል። ሰርጌ ጥር 17 ነው፣ መልሱ በማግስቱ ሰኞ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ። አባዬ የለም። እኔንና ሚኪያስን በሩ ላይ ቆሞ የሚቀበለን አንተ ነህ። ይህን በስልክ ልልህ ደውዬ ስለ ዝናብ አወራን።

ለመልሱ ርችት ይኖራል። ደብዳቤውን አትጠፈው። አንብብ።

ፈላና በር አጠገብ ሙሜ ሱቅ ሄድኩ። «ድምፅ የሌለው ስጠኝ» አልኩት።

«ወላሂ ብሌን፣ ጨው የሌለው ወጥ ነው የጠየቅሽኝ! በድብቅ ነው እንዴ የምታገቢው?»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምክንያቱን አልነገርኩትም።

ላንተም ልጽፈው አላሰብኩም ነበር። ከሠራዊቱ በተመለስክበት ዓመት፣ በቡሄ፣ የልጆች ርችት በራችን ላይ ፈነዳ። ብርጭቆው ከእጅህ ወደቀ። በማግስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድክ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። ማንም ምንም አላለም። እኛ ቤት ዝም ማለት እንችልበታለን።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ልንገርህ፣ ድንገት የሚሆን ነገር እንዳይኖር። የምንጀምረው ከምሽቱ ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። መጀመሪያ ከመሬት ወደ ላይ የሚፈልቁት፤ ድምፃቸው ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲገባ ያለው ነው። ቀጥሎ ምሰሶው ላይ የሚሽከረከረው፤ ትንሽ ያፏጫል፣ ስምንት እስክትቆጥር ዝም ይላል። ከዚያ ልጆቹ በእጃቸው የሚይዙት። ሁሉንም ጓሮ ሞክሬያቸዋለሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንተ በምትቆምበት ቦታ ቆሜ።

ጎረቤታችን እማማ ረሂማ በአጥሩ ላይ አይተውኝ «ያ ረቢ! ሙሽራዋ ሳታገባ አበደች!» አሉ። የእኛ የውኃ ተራ ሐሙስ ስለሆነ እስከ ሰኞ በርሜሉ ያልቃል። እሳት ቢነሳ ብለው ሁለት ጀሪካን ሊሰጡን ቃል ገቡ። ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎታል፣ ኤልሳዕ። እኔ ብቻ ነኝ በየመሀሉ በሩን የማየው።

አንድ ችግር ቀረ። እማዬ «አንዲት እንኳ ጧ የምትል ከሌለች መልስ ደገስኩ አልልም» አለች። ሦስት ገዛሁ። የመጀመሪያዋን ሚኪያስ ሲለኩሳት ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፤ ከድንጋጤዬ የተነሳ ተንደርድሬ የእማዬን ጎመን ረገጥኩት። ሁለተኛዋን ራሴ ለኮስኳት። ክሩ ሲነድ እያየሁ አራት ቆጠርኩ። ጧ! ልቤ ከቦታው አልተነቃነቀም። የለኮሳት ሰው መቼ እንደምትመጣ ያውቃላ።

ሦስተኛዋ ያንተ ናት። ክብሪቱን አንተ ትይዛለህ፣ ሰዓቱን አንተ ትመርጣለህ። ካልፈለግክ ሳትነካ ትቀራለች፤ እኛም እናጨበጭባለን፣ ያልፋል። ማንም ለምን አይልም። በሩ ላይ ቁምልኝ እንጂ።

መንገዱ ይቅናልህ። መድኃኔዓለም በሰላም አምጥቶ ከደጃችን ያድርስህ።

እህትህ
ብሌን

ይህን ሁሉ ለእማዬ አነበብኩላት። «ርችቱ ጭራሽ ይቅር፣ ልጄ ብቻ ይምጣ» አለች። ይህን ማለቷን እንዳልጽፍልህ አስምላኛለች።