የኖህ አወዳደቅ

ለውድ ወንድሜ አልዓዛር፣

የጌታ ሰላም ካለህበት አርባ ምንጭ ድረስ ይድረስህ። እኛ ጅማ ሁላችንም ደህና ነን፤ የቡና ጊዜ ስለሆነ ከተማው አቧራና መኪና ብቻ ነው። በስልክ ያልጻፍኩልህ ታናሻችን ኖህ ስልኬን ስለሚከፍት ነው።

ዩቲዩብ ላይ የምንለቀውን የድብድብና የሳቅ ድራማ ጥንካሬና ድክመት ሳትደብቂ ንገሪኝ ብለሃል። ድክመቱ ድምፁ ነው፤ ባጃጅ ካለፈ የጻፍኩት ንግግር አይሰማም። ቡጢ ሳያርፍበት የሚወድቅ ተዋናይም አለን። ጥንካሬው ኖህ ነው፤ እሱ ሲወድቅ የእውነት ነው።

አምስተኛውን ክፍል የቀረፅነው የቡ ከተማ፣ ቡና መፈልፈያ ግቢ ውስጥ ነው። ኖህ ከጣሪያ የሚዘልበትን፣ ገለባ የሞላ ጆንያ ጠዋት እኔው ደረደርኩ። ምሳ በልተን ስንመለስ ሠራተኞቹ ገለባውን አንስተው በቦታው ቡና የሞላ ጆንያ ደርድረዋል። ሲያዩት ሁሉም ጆንያ አንድ ነው፤ ኖህ ዘሎ በጭንቅላቱ ያረፈው ቡናው ላይ ነው። በእጄ መንካት ነበረብኝ።

ተነስቶ ካሜራውን እያየ፣ "ኤጋ፣ እንግዲህ እዚህ ምን ልንሠራ መጣን?" ያለባት ቦታ በሳቅ ገደለችኝ ብለህ አመሰገንከኝ። እሷን ንግግር እኔ አልጻፍኳትም።

ስድስተኛው ክፍል ላይ ቁጭ ብሎ ነው የሚጫወተው። ንግግሩንም አሳጥሬለታለሁ።

ለገና ከምትመጣ ምነው ቀደም ብትል?

እማዬ ስምህን ሳትጠራ ጸሎት አትጨርስም። ኖህም ስጽፍ አይቶ "ሰላም በይልኝ" ብሎሃል። ፖስታውን ሳላሽግ ተመልሶ መጣና፣ "ለማን ነው የምትጽፊው? ለአልዓዛር ከሆነ ሰላም በይልኝ" አለኝ።

እህትህ ታቢታ