ኳሷን የተነጠቀው ልጅህ

ውድ ወንድሜ አንገስ፣

የእሁዱን ጨዋታ ወሬ እማዬ ሳታቀብልህ አልቀረችም። እሷ ግን ግማሹን ዓይኗን ጨፍና ነው ያየችው፤ ስለዚህ ከእኔ ስማ።

ባለፈው ደውለህ፣ «ልጄ መሃል ሜዳ ተንበርክኮ ኳስ ለመናጠቅ ገና ነው። መጨረሻ ላይ ከተነጠቀ አስወጣው፤ የሰው መሳቂያ አታድርግብኝ» አልከኝ። ኒውዮርክ የፎቅ ብረት ስትገጥም እዚያው ብረቱ ላይ ቆመህ፣ እዚህ አክዌሳስኔ ኳስ በመረብ ዱላ የሚቀልብ የላክሮስ ቡድን ታሰለጥናለህ። አፍ ዳገት አይፈራም። ልጅህ ሎራን አጠገቤ ሆኖ ሰምቶሃል። የዱላውን መረብ ሲያጠብቅ ቆየ።

እኔ አሰልጣኛቸው ጸደዩን ሙሉ ልጆቹን ያስተማርኳቸው ከንጥቂያው በኋላ ያለውን ነው። «ካገኘህ ለጓደኛህ ስጥ። ከተነጠቅህ አታባርር፤ ወደ ጎላችን ደጃፍ ሩጥ።»

ዌስ የተባለው ቀልደኛ፣ «አጎቴ፣ ሌባ አይቶ ወደ ቤቱ የሚሮጥ ማነው?» አለኝ።

«ሌባው የሚመጣው ወደ ቤትህ ከሆነስ፣ አንተ ጅል? የሎራን አባት ብረት ላይ ቡሎን ቢያመልጠው ተንጠራርቶ ይከተለዋል? እግሩን ነው የሚያጸናው» አልኩት።

እሁድ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እኩል ነበርን። ጨዋታው ከመሃል ዳግም ሲጀመር ሎራን ከባላጋራችን ቡድን አንድ ግዙፍ ጎረምሳ ጋር ለንጥቂያው ተንበረከከ። ፊሽካው ተነፋ፤ ጎረምሳው ነጠቀውና ሮጠ። ሰው ሁሉ፣ እማዬ ሳትቀር፣ «ተከተለው!» እያለ ጮኸ። ልጅህ ለኳሷ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጎላችን በረረ። ጎረምሳው ተከላካያችንን ወደ ራሱ ሳበና ጎሉ ፊት ብቻውን ለቀረው ጓደኛው ወረወረለት። ኳሷን የተቀበላት ግን የሎራን ዱላ ነው። ጀግና ልሁን ቢል ፊቱ ሜዳው ባዶ ነበር። ቀና ብሎ አየና ለባላጋራችን ጎል ይበልጥ ለቀረበው ለዌስ ሰጠ። ዌስ አገባ።

በድምፅ ማጉያው የተጠራው የዌስ ስም ነው። እኔ ግን በልጅህ ኮርቼ አለቀስኩ፤ አንተን መዋሸት አያስፈልገኝም።

ሎራን ላቡን ሳይጠርግ መጥቶ፣ «አጎቴ፣ መነጠቄን ለአባዬ ትነግረዋለህ?» አለኝ።

«ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።»

ይኸው ነገርኩህ፦ ልጅህ ተነጥቋል። ትእዛዝህን ግን አልፈጸምኩም። ቅዳሜ ለዋንጫ ስንጫወት መሃል የሚገባው እሱ ነው። አሁንም ይውጣ ካልክ፣ መጥተህ ራስህ አስወጣው፤ እኔ አንጀቴ አይችልም።

ታናሽህ ሚቸል