ጂጂ አላቃጠለችም

አዳማ፣ ሰኞ ጠዋት

ለምወድህ ልጄ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራስ? እኛ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። እናትህም ጉልበቷን ተሽሏታል።

ባለፈው ሳምንት ጡረታ የወጣን መምህራን ተሰባስበን ላንጋኖ ሄደን ነበር። ምሳ የበላነው ሐይቁ ዳር ካለ አዲስ ሆቴል ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ የምግብ ዋጋ የሚያሳይ ስክሪን ተሰቅሏል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በትልልቅ ፊደል «አካም ቡልታን! እንደምን አደራችሁ! ጂጂ ነኝ» የሚል ወጣበት። የዓሣ ጥብሱ ዋጋ ከዚያ በኋላ መጣ። ጓደኞቼ በጠራራ ፀሐይ እንደምን አደራችሁ የሚል ሆቴል አየን ብለው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የሰፈሩ ልጆች ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተር መማር በጀመሩ ሰሞን ትንሿ ጂጂ፣ ሰላም ሳይል ሥራ የሚጀምር ዕቃ ባለጌ ነው ብላ ተከራከረችኝ። ስለዚህ የሁሉም የመጀመሪያ ትምህርት ይኸው ሆነ፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታ እንዲሰጥ ማድረግ። መዳፍ የምታክል ርካሽ ኮምፒውተር፣ ከጎረቤት በተለመነ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክታ። አንተ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን አስተባብረህ ኮምፒውተሮቹን ስታመጣልን እንዴት ኮርቼብህ ነበር።

ሰዉ እስኪወጣ ጠብቄ ከስክሪኑ ጀርባ አየሁ። ራሴ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ያደረግሁባት ኮምፒውተር ናት። ማን ገጠመላችሁ ብዬ አስተናጋጇን ስጠይቃት ስምህን በአድናቆት ጠራችልኝ፤ በየክፍሉም ገጥሞልናል አለች።

መብራቱ በኃይል መጥቶ ሁሉንም አቃጠላቸው ስትለኝ አመንኩህ። ከፍቼ ልያቸው ብልህ፣ አባዬ አትድከም፣ አዲስ አበባ የሚጠግን ሰው አለ ብለህ በካርቶን ይዘሃቸው ሄድህ። ይህን እችለው ነበር። አንተ ግን ልጆቹ ፊት ቆመህ፣ ማነው የሰካው ብለህ ጠየቅህ። ጂጂ እጇን አወጣች።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። እናቷ ቀመሪያ፣ ገበያ መሃል አግኝታኝ፣ ቲቸር፣ ልጄ አምፖል እንኳ አላበራም ትላለች፣ ምን አደረጋችሁብኝ አለችኝ።

ትናንት ቤታቸው ሄድኩ። ምንም አላቃጠልሽም፣ ሁሉም ይሠራሉ አልኳት። ፊቷ በራ። ወዲያው ግን፣ ታዲያ የት ናቸው ቲቸር አለችኝ። ተማሪ ጠይቆኝ ሳልመልስ ተነሥቼ አላውቅም። ትናንት እስከ ቅዳሜ ጠብቂኝ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ና። ለእኔ የምትነግረኝ ምክንያት ይኖርህ ይሆናል፤ እሱን ሌላ ጊዜ እሰማሃለሁ። አስቀድመህ ለእሷ፣ ልጆቹ ሁሉ ባሉበት፣ በራስህ አፍ ንገራት። ካልመጣህ እኔ እመልስላታለሁ፤ ስምህንም አልደብቅም።

ያየሁትን ለእናትህ ነግሬያታለሁ። የትኛው ሆቴል ብላ አልጠየቀችኝም። ጎመኗን መቀንጠስ ቀጠለች፤ ቀድማ ታውቅ እንደነበር ገባኝ። ስልክ ያልደወልኩልህ እሷ አጠገቤ ሆና እንዳትሰማ ነው፤ ይህን ወረቀት መናኸሪያ ሄጄ ለማውቀው ሾፌር በእጁ እሰጠዋለሁ።

እግዚአብሔር ልብህን ያቅናልህ፤ መንገድህንም ይጠብቅልህ።

አባትህ