ሴት ተማሪዎችን አስወጥቶ ጀንፈል ላስገባው ቀበሌያችን

ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ተድላ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ በፊት የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ደኅንነት እየጠየቅሁ፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚያመላልስዎ ጉልበት እንዳይዝል፣ ጉሮሮዎም ከዚህ ከታኅሣሥ ብርድ እንዲጠበቅልዎ እመኛለሁ። እኔ ከሺሺንዳ መጥቼ እዚህ ለመምህርነት የምማር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሦስት ጊዜ ማመልከቻ በእጅዎ ሰጥቼዎታለሁ፤ ቀና ብለው ስላላዩኝ ፊቴን ባያስታውሱት አልቀየምም። አራተኛውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት መሳቢያዎ ሞልቶ ይሆናል ብዬ በማሰብ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቀበሌያችን በሚሌኒየሙ ዓመት ከነዋሪው መዋጮ ሰብስቦ፣ ከሩቅ ወረዳ ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ማረፊያ የሚሆን አንዲት ክፍል ቤት ሠርቶ ሪባን ቆርጧል። ቦንጋ ለእርስዎ ትንሽ ልትሆን ትችላለች፤ ከደካ በጭነት መኪና ለመጣች ልጅ ግን ትልቅ ከተማ ነች፤ ክፍል የሚያከራየውም ሰው የትልቅ ከተማ ዋጋ ይጠራል። በዚያች ቤት እኔ፣ የደካዋ ህይወትና ሌሎች ሁለት ልጆች እስከ ኅዳር ኖርን። ዛሬ የሚኖርባት የአንድ ነጋዴ ጀንፈል ነው፤ ከነገለባው የደረቀ፣ ገና ያልተፈለፈለ ቡና። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ማመልከቻችንን በጥንቃቄ ስላነበቡልን። ከመስከረም ጀምሮ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉ ይረጥባል እያልን ስናመለክት ነበር። በኅዳር ኮሚቴ ላኩልን፤ ኮሚቴውም የራሳችንን አቤቱታ ማስረጃ አድርጎ፣ ቤቱ ለሰው መኖሪያ ብቁ አይደለም ሲል በቃለ ጉባኤ ወሰነ። ለደኅንነታችን ሲባል በሦስት ቀን ውስጥ እንድንለቅ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰን። የጻፍነው ቃል በቃል ተገልብጦ የመባረሪያችን ምክንያት ሆኖ ስናገኘው፣ እንዲህ ያለ አንባቢ ጽሕፈት ቤት እንዳለን ባለማወቃችን አፈርን።

2ኛ. ለጥገናው። በወጣን በአምስተኛው ቀን ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለበሰ። የግብርና ባለሙያ መጥቶ ቡና እርጥብ መሬት ላይ ከተቀመጠ ይሻግታል በማለቱ የእንጨት ርብራብ ተነጠፈለት፤ ጭስ እንዳይነካውም ጎረቤታችን ምድጃዋን ከግድግዳው እንድታርቅ ታዘዘች። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ የቡና ገበሬ ልጅ ስለሆንኩ አልከራከርም። እኛ በዚያው ወለል ላይ ሰሌን አንጥፈን ስንተኛ ግን ስለ መሻገት ያነሳ ባለሙያ አልነበረም። ተማሪ ቶሎ እንደማይሻግት በጥናት ተረጋግጦ ይሆናል።

3ኛ. ለጥበቃው። ሰካራሞች በራችንን እየደበደቡ ሲያስቸግሩን ዘበኛ ብንጠይቅዎ፣ አራታችን አንድ ላይ ብንጮህ እንደሚበቃ መክረውን ነበር። ጀንፈሉ መጮህ ስለማይችል ጋሽ ገብረወልድ የሚባሉ ጨዋ ሰው ተቀጥረውለታል። የረሳሁትን የሒሳብ ደብተር ልወስድ ብሄድ ከቀበሌ ደብዳቤ ጠየቁኝ፤ ጠይቀውኝም አቀረቀሩ። ለእያንዳንዱ ጆንያ ፈርመው እንደተረከቡ፣ ለእኛ ግን ፈርሞ የተረከበ ሰው እንዳልነበረ ነገሩኝ። ይህን በማለታቸው በግምገማ እንዳያነሱባቸው እለምናለሁ።

4ኛ. ከተማው ሰፊ ነው፣ ፈልጉ ስላሉን። ፈለግን። እትዬ የሺሃረግ የሚያከራዩትን ክፍል ከፍተው አሳዩን፤ እስከ ጣሪያው ጀንፈል ነው። ቡናው ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ በየካቲት እንድንመለስ በትሕትና ነገሩን። ሌሎች አራት ግቢዎችም ለየካቲት ቀጠሩን። ፈተናችን ጥር 20 ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ በአንድ ለአምስት ተደራጅተን ችግሩን እንድንወያይበት አሳሰበን፤ ሁለቱ ልጆች ዘመድ ዘንድ ስለገቡ የቀረነው እኔና ህይወት ነን፤ አምስት መሙላት አቃተን።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወው፤ የሚቀጥለውን በቁጥር መጻፍ አልቻልኩም። እትዬ በዛወርቅ ምግብ ቤታቸው ጓዳ ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ጎን፣ ሳህን እያጠብኩ እንዳድር ፈቀዱ። ጓዳው የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። ከህይወት ጋር ዕጣ ተጣጣልን፤ ለእኔ ወጣ። እሷ በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ደካ ተመለሰች፤ ስትሄድ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ከእኔ የበለጠ ጎበዝ ነች። ፈተናው ካመለጣት በኮሌጁ ደንብ መሠረት ከትምህርቷ ትሰናበታለች፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያገኘሁት ጓዳ ያስጠላኛል።

ስለዚህ ክቡር ሊቀመንበር፣ ቤቱን መልሱ ብዬ ነጋዴውን ማስቀየም አልሻም። ጆንያው አንድ ረድፍ ብቻ ከፍ ብሎ ቢደረደር፣ በበሩ በኩል ለአንዲት ልጅ መኝታ የሚሆን ቦታ ይተርፋል፤ በመስኮት አሻግሬ በዓይኔ ለክቼዋለሁ። እስከ ጥር 20 ብቻ። ህይወት ቡናውን እንደማትነካ እኔ ዋስ እሆናለሁ።

ለአዲሱ ቆርቆሮ፣ ለርብራቡ፣ ለዘበኛውና ለማኅተሙ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽሁ፣ ረጅም ዕድሜና መልካም ስብሰባ የምመኝልዎ፣ ለመኖሪያነት ብቁ ያልሆንኩት ተማሪዎ፣

አብርሆት ተሰማ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ልለጥፍ ስል ከህይወት በሹፌር እጅ ደብዳቤ ደረሰኝ። ደኅና ነች። በቀን ሥራ ቡና ለቀማ ገብታለች፤ ቡናውን የሚረከባቸውም ይኸው የእርስዎ ነጋዴ ነው። ደርቆ በጥር አጋማሽ ቦንጋ ይገባል ብላለች። እሷ ማደሪያ ስለሌላት አትመጣም። ጆንያው ሲደርስ እባክዎ በእሷ ቦታ፣ በበሩ በኩል ያስተኙልኝ።