መሞት የምችል መሆኔ በማኅተም እንዲረጋገጥልኝ

ለመድን ድርጅቱ የግል ዋስትና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ (ከቅዳሜ በፊት መልስ የሚሻ)

ጉዳዩ፦ ዋስትና የገባ ሰው እንደማንኛውም ሰው የሚወድቅ፣ የሚሰበርና የሚሞት መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ። ከድርጅትዎ የሕይወትና የአደጋ ዋስትና ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ሕይወቴ አደጋ ላይ ስለወደቀ ይህን አቤቱታ በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ቀኝ እጄ በጀሶ ስለታሰረ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው ባለቤቴ ናት። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ስለሆነች የእጅ ጽሑፉ ማማር የእሷ ነው፤ ቁጣው ግን የእኔ ነው።

1. ዋስትና የገባሁት እንዲህ ነው። የድርጅትዎ ወኪል ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጣ። የሚያሳጥረው የለበሰውን ሱሪ ስለነበር ከመጋረጃው ጀርባ አውልቆ አቀበለኝና እኔ ስሰፋ እሱ አንገቱን ብቻ አውጥቶ ያስረዳኝ ጀመር። በየወሩ የምከፍለው ዓረቦን እንደሚባል፣ ጉዳት ሲደርስብኝ ድርጅቱ የሚከፍለኝ ካሳ እንደሚባል፣ የትኛው ጉዳት ካሳ እንደሚያስገኝና እንደማያስገኝ የሚለየው ሽፋን እንደሚባል፣ ብሞት ካሳውን የሚቀበለው ሰው ደግሞ ተጠቃሚ እንደሚባል ነገረኝ። ሱሪ ሳይለብስ ይህን ያህል ልበ ሙሉ ሆኖ የሚናገር ሰው አይቼ ስለማላውቅ አመንኩት። በተጠቃሚው ቦታ የባለቤቴን ስም አስሞላሁ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳላነብ ፈረምኩ። አፌ ውስጥ መርፌ ይዤ ስለነበር ጥያቄ ለመጠየቅም አልተመቸኝም።

2. ድርጅቱ ቀጥሎ ሐኪም ዘንድ ላከኝ። ደሜ ታየ፣ ልቤ ተደመጠ፣ አያቴ በምን እንደሞቱ ተጠየቅሁ። በመጨረሻም ማመልከቻዬ ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጣጣው የጀመረው ከዚህ ነው። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ደብዳቤው ሲነበብላቸው እንዲህ አሉ፦ «እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ ፎቅ የሠሩት ገንዘብ እየበተኑ አይደለም። መርምረው መርምረው እንደማይሞት ቢያውቁ ነው የተቀበሉት። የሚሞት ቢሆንማ ይመልሱት ነበር።»

ክቡርነትዎ፣ ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

3. የአማቴ ቃል በማግስቱ ግቢውን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ የጣሪያው አሸንዳ ሲደፈን የምወጣው እኔ ነኝ። ከውሃ ታንከሩ ሥር ተርብ ሲሰፍር እኔ ነኝ። የጎረቤት ውሻ ሰንሰለቱን በጥሶ ግቢውን ሲይዝ ሁሉም በሩን ዘግቶ እኔን በየመስኮቱ ጠራኝ። የአንዷ ቤት የጋዝ ሲሊንደር ሲያፈስ ነዋሪው ልጆቹን አቅፎ ወደ መንገድ ሲሮጥ፣ መፍቻውን እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ነው የሮጠው። ያደረ ወተት መበላሸት አለመበላሸቱን መለየት ያቃታት ጎረቤት እንኳ ኩባያ ይዛ ሱቄ ድረስ መጥታለች።

ከመርፌ በቀር ያደማኝ ነገር የሌለ፣ ወንበር ላይ ስቆም ግድግዳ የምይዝ ሰው ነኝ። ልጆቹ ግን «አይሞቴ» የሚል ስም አወጡልኝ፤ አሁን ትልልቁም ሰው በዚሁ ነው የሚጠራኝ። እምቢ ስል «አንተ ምን አለብህ፣ ዋስትና አለህ» እባላለሁ። የባለቤቴ ወንድም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። የተቃጠለ ሶኬት እንዲያይ ሲጠየቅ «እኔ የልጆች አባት ነኝ» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ባለቤቴ ወንድሟን በአቤቱታ ውስጥ ማንሳት ነውር ነው ብላ ነበር፤ ሥራው ነውር ካልሆነ መጻፉ ነውር አይሆንም ብያት ተጽፏል።

4. ነገሩን በሙያዬ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ። ኮት ስሰፋ ከውስጥ በኩል ገበሩ ላይ አንድ ትርፍ ቁልፍ እሰፋለሁ። አማቴን አስቀምጬ ኮት ገለበጥኩና ትርፉን ቁልፍ አሳየኋቸው። ይህ ቁልፍ የፊተኛው እንዳይወድቅ አጥብቆ አይዝም፣ የፊተኛው ከወደቀ በኋላ ብቻ ነው ጥቅሙ፣ ዋስትናም እንዲሁ ነው አልኳቸው። ኮቱን ተቀብለው በደንብ ካዩት በኋላ «ታዲያ ትርፍ ካለው፣ የፊተኛው ቢወድቅ ምን ይጎዳል?» ብለው ጠየቁኝ። ኮቱን ተቀብዬ መልሼ ሰቀልኩት።

5. ባለፈው ወር አማቴ የሚከታተሉት ድራማ ምስሉ ስለተበጠበጠባቸው አንቴናውን እንዳስተካክል ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ «አሁንስ?» እላለሁ፣ ከታች «ትንሽ ወደ ግራ» ይላሉ። ወደ ግራ ስል ጣሪያው አለቀ። መጀመሪያ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ፣ ቀጥሎም ከአንሶላ ጋር ተጠቅልዬ መሬት ላይ ወደቅሁ። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰበረ። አማቴ ሮጠው ደረሱ፣ ከልባቸውም ደንግጠው ነበር። መተንፈሴን ካረጋገጡ በኋላ ግን ለተሰበሰበው ሰው «ሌላ ሰው ቢሆን ዛሬ ድንኳን እንተክል ነበር። ዋስትናው ነው የያዘው» አሉ። ክቡርነትዎ፣ የያዘኝ ገመዱ ነው። ገመዱን ያመሰገነ አንድም ሰው የለም።

6. የካሳ ጥያቄዬን ይዤ ክፍልዎ መጣሁ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ውሉን አውጥታ ያላነበብኩትን አነበበችልኝ። ድርጅቱ ዋስትና የሰጠው ተቀምጦ ለሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጣሪያ ላይ መውጣት ካስመዘገብኩት ሥራ ውጪ ስለሆነ ሽፋን የለውም። ጣሪያ ላይ ያለው ሰው እኔ ብሆንም፣ በውሉ ዓይን እኔ አይደለሁም ማለት ነው። ሠራተኛዋን አልከስም፤ የፈረምኩት እኔው ነኝ። ላም አለኝ በሰማይ ያሉት የእኔ ቢጤዎች ይሆናሉ። በዚህ ተራ ቁጥር የምጠይቀው ነገርም የለም።

የማመለክተው ቀጥሎ ስለሆነው ነው። ጣሪያው ሽፋን እንደሌለው ሳውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። አሁን ነፃ ወጣሁ ብዬ ወደ ቤት ገሠገሥኩ። አማቴ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና «አየህ? ጣሪያ ላይ ምንም እንደማትሆን ስላወቁ እኮ ነው ያልጻፉት። የሚያስፈራውን ነው የሚጽፉት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብናገርም ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ።

7. ሌላ መላ ሳጣ ወኪሉን ለምኜ ግቢያችን አመጣሁት፤ በዚህ ጊዜ ሱሪ ለብሶ ነበር። ነዋሪዎቹን ሰብስቦ አንድ በአንድ አስረዳ። ዋስትና አደጋን አያስቀርም፣ የሚያቀለው ከአደጋ በኋላ ያለውን ችግር ነው፣ ጥንቃቄ የባለቤቱ ግዴታ ነው አለ። እንዲህ ጥሩ አድርጎ ሲናገር እኔም ያኔ ገና በደንብ ገባኝ። ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ እጅ አወጡና እሱ ራሱስ ዋስትና ይኖረው እንደሆነ ጠየቁት። አዎ፣ ከሁሉም ከፍተኛው አለኝ ብሎ በኩራት መለሰ። መሰላሉ መጣ። አንቴናውን አስተካክሎ ወረደ፣ ምስሉ አሁን ጥርት ብሏል፤ ወኪሉ ግን ስልኬን አያነሳም።

8. አስቸኳዩ ጉዳይ የሚከተለው ነው። በግቢያችን ጥግ ያለው ትልቅ ዛፍ አዘንብሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተደግፏል፣ ነፋስ ሲነሳ ሽቦው እሳት ይፈነጥቃል። የግቢው ኮሚቴ ዛፉ በመጪው ቅዳሜ እንዲቆረጥ፣ የሚቆርጠውም እኔ እንድሆን በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠራ ስል እነሱን መጠበቅ ጊዜ ይፈጃል ተባለ። እጄ ጀሶ ውስጥ መሆኑን ሳሳይ፣ መጋዙ የአንድ እጅ እንደሆነ ተነገረኝ። የባለቤቴ ወንድም ሽቦውን እንዳልነካ አጥብቆ መከረኝ። የጎማ ጓንቱንም ሊያውሰኝ ቃል ገብቷል፤ አንዱን ብቻ፣ ሌላው ጀሶው ላይ አይገባም።

ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ። ይህን በይፋ ጽሑፍ ላይ ማስፈር የማያምር ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

9. ይህ ቁጥር ከጉዳዩ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት ላይኖረው ይችላል። ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ ጠዋት ከቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆማ «ተጠንቀቅ» ትለኝ ነበር። የምሄደው መንገድ ተሻግሬ ሱቄ ነው፤ እዚያም የሚጠብቀኝ የስፌት መኪና ነው። ቢሆንም ትለኝ ነበር፣ እኔም «እሺ» ብዬ እወጣ ነበር። ዋስትናውን ከገባሁ ወዲህ ያቺን ቃል ሰምቼ አላውቅም። ጣሪያ ስወጣ አላለችም፣ ውሻው ጋ ስላክ አላለችም። ግቢው ሁሉ አይሞቴ ቢለኝ እችለዋለሁ። እሷም አምናው ከሆነ ግን ወዴት ልሂድ? ይህን ስናገር ብዕሩ ቆሞ ነበር። ጻፊው አልኳት፣ ጻፈችው።

10. ስለዚህ ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታይቶ፦

ሀ) ይህ ሰው መውደቅ፣ መሰበር፣ በኤሌክትሪክ መያዝና መሞት የሚችል መሆኑን፣ ድርጅቱም ሲቀበለው ይህንኑ አውቆ እንጂ በተቃራኒው እንዳልሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ፤

ለ) ማኅተሙ ትልቁ እንዲሆንልኝ። አማቴ ማንበብ ባይችሉም ማኅተም ያውቃሉ፣ ትንሹን ግን ይንቃሉ፤

ሐ) ደብዳቤው ከቅዳሜ በፊት እንዲደርሰኝ። ከቅዳሜ በኋላ የሚደርስ ከሆነ ይዘቱን ያለ ማኅተምም ሁሉም ስለሚያውቀው መጻፉ አያስፈልግም፤

መ) ከላይ የተጠየቀው የማይቻል ከሆነ፣ ውሌ ፈርሶ እንደ ቀድሞዬ የምሞት ሰው እንድሆን እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

እግሬ መሬት ሳይለቅ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(በግራ እጅ የተፈረመ)
ልብስ ሰፊው

ግልባጭ፦
— ለግቢው ኮሚቴ
— ለአማቴ (ይነበብላቸው)

ከጸሐፊዋ የተጨመረ፦

ክቡር ኃላፊ፣ እሱ ይህን ደብዳቤ ሊያደርስ ኮቱን እየለበሰ ነው። ጀሶው እንዲያልፍለት የገዛ ኮቱን እጅጌ ስለተረተረው መልበስ ጊዜ ይወስድበታል፤ እስከዚያ እኔም የራሴን ልጨምር።

ተራ ቁጥር ዘጠኝን ስጽፍ አለቀስኩ፤ እሱ አላየኝም። ቃሉን የተውኩት የእናቴን ነገር አምኜ አይደለም። ውሉን ይዞ በገባ ዕለት ስሜን «ተጠቃሚ» ከሚለው ጎን አየሁት። እሱ ቢሞት የምጠቀመው እኔ ነኝ ማለት ነው። ለልጆቻችን ብሎ እንዳደረገው ይገባኛል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ስቆም ቃሉ ከአፌ ደርሶ ይመለሳል። ብናገረው የውሸት ይመስልብኛል፤ ጎረቤትም ሰምቶ የሚታዘበኝ ይመስለኛል። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

ስለሆነም የተጠቃሚ መቀየሪያ ቅጽ እንዲላክልን እጠይቃለሁ። እሱ መፈረም እንዳለበት አውቃለሁ፤ በግራ እጁም ቢሆን አስፈርመዋለሁ። ስሜ ተሰርዞ በቦታው የእናቴ ስም ይግባ። ድርጅቱም ይህንኑ ለእናቴ በደብዳቤ ያሳውቅልኝ፣ ማኅተሙም እሱ እንዳለው ትልቁ ይሁን። እኔ ዓርብ ማታ ነዋሪው በተሰበሰበበት አነብላታለሁ። እናቴን አውቃታለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ነገር ግን «ሰው ምን ይለኛል» ከሞት ይብስባታል። አማቿ ቢሞት የምትጠቀመው እሷ መሆኗን ግቢው ከሰማ፣ እንኳን ዛፍ ላይ፣ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ እንዲወጣ አትፈቅድም። መሰላሉን ራሷ ትደብቀዋለች።

ይህ ጽሑፍ በእናቴ ግልባጭ ላይ የለም።

ኮቱን ለብሶ በር ላይ ደርሷል። ደረጃው አሁን ታጥቦ እርጥብ ነው። ሄጄ ያቺን ቃል ልንገረው።